ሁለት የግራ እጅጌ

ጥር 22

ቀለሜ፣ ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ እንዳልልህ ጉልበቴን ያመኛል። ስለዚህ ከናፍቆትህና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ዛሬም ቀለሜ እያልኩ እጠራሃለሁ፤ ክፍል ውስጥ ሁሌ ከኋላ የነበርከውን ልጅ ቀለሜ ያልንህ በትምህርትህ ሳይሆን በሱሪህ ላይ ባለው ቀለም መሆኑን እዚያ ላሉት ጓደኞችህ አልነግርብህም።

አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው። ማን እንደነገረህም አልጠይቅህም፤ የአውቶቡሱ ሹፌር ነው። ያ ሰውዬ ከመንገደኛ ይበልጥ ወሬ ነው የሚያመላልሰው። ለከተማው ምክር ቤት ልወዳደር ተመዝግቤያለሁ። “ሰው ፊት ስትቆሚ ድምፅሽ የሚጠፋው አንቺ?” ብለሃል። እኔው ነኝ። አሁንም ይጠፋል። ሱቅ ውስጥ ልብስ ለማሳያ ላቆምኳት አሻንጉሊት ንግግር እያደረግኩ እለማመዳለሁ፤ እስካሁን አልተቃወመችኝም።

“ለምን?” ላልከኝ ግን መልሱ እንደ ጥያቄው አጭር አይደለም። ቅጹም እንዳንተው ይጠይቃል። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ የሚለውን በአንድ ትንፋሽ ሞላሁ። “ልብስ ሰፊ” ብዬ ስጽፍ ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝ። ከታች ደግሞ “ለመወዳደር ያነሳሳዎት የግል ምክንያት፣ ከሦስት መስመር ያልበለጠ” ይላል። የመጀመሪያ ሙከራዬ ይኸውልህ፦

“እናቴ ከድልድዩ ማዶ አክስቴን ልትጠይቅ ሄዳ ልቧን አመማት። መንገድ ላይ ያገኛት የጭነት መኪና ሹፌር ጭኗት መጣ። ለከተማው እንግዳ ነበር። መገንጠያው ላይ ጤና ጣቢያ የሚለውን ሰሌዳ አይቶ፣ ቀስቱን ተከትሎ ወደ ግራ ታጠፈ። ጤና ጣቢያው በቀኝ ነው።”

ቆጠርኩት፤ አራት መስመር ሆኗል፤ እማዬ ግን ገና አልሞተችም። ጡብ ፋብሪካው ድረስ ሄዶ፣ ሰው ጠይቆ፣ ተመልሶ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ማለፉን የት ልጻፈው? ሐኪሙ “ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን” ያለውንስ? ቦታውን ባዶ ትቼ ቅጹን መለስኩላቸው። እስከ ተወዳዳሪዎቹ ክርክር ማግሥት ድረስ እንድሞላው ጊዜ ሰጥተውኛል።

ሰሌዳው ዛሬም ቆሟል፤ በሁለቱም ፊቱ ወደ ግራ ያሳያል። ከገበያው በኩል ሲመጡ ልክ ነው፤ ከድልድዩ በኩል ሲመጡ ይዋሻል። ሁለት ዓመት ሙሉ አመለከትኩ። ያኔ የመንገድ ክፍል ኃላፊ የነበረው፣ ዛሬ ደግሞ የእኛን ሰፈር ወክሎ ምክር ቤት የተቀመጠው ሰውዬ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ “ይታያል”። ከተማው ስሙን ትቶ አቶ ይታያል ይለዋል። ቀለም ቀብቼ ላጥፋው ስል “የመንግሥት ንብረት ነው” አሉኝ። በየቅዳሜው ጨርቅ እሸፍንበታለሁ፤ ንፋስ ይወስደዋል። እንግዲህ የማወርደው አቶ ይታያልን ራሱን ነው።

ከምርጫ ምልክቶቹ ዝርዝር ምረጪ ሲሉኝ ቀስት መረጥኩ። ሰሌዳዬን አንተ ሳልልኝ። ወደ ቀኝ የሚያሳይ ትልቅ ቀስት ይሁን።

የእማዬን ቀብር በጨረስን በሳምንቱ ብሩሽህን ጥለህ ለምን እንደሄድክ ዛሬም አልጠይቅህም።

እህትህ፣ መርፌ


የካቲት 6

ለውድ እህቴ ለመርፌ፣

ስላዘገየሁ ይቅርታ። “አንተ ደብዳቤ የምትጀምረው በይቅርታ ነው” እንደምትዪኝ አውቃለሁ።

ስለ ሥራዬ ብትጠይቂኝ፣ እዚያው ሳሙና ፋብሪካው ነኝ። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ስድስት ሰው፣ አንድ መስኮት። ሳሙናውን በወረቀት እንጠቀልላለን። ጣቶቼ በዕድሜዬ እንዲህ ነጽተው አያውቁም፤ ብታዪኝ ቀለሜ ማለቱን ትተዪዋለሽ።

ሰሌዳሽን ግን መሳል አልችልም። እጄን ያመኛል። ትቆጪኛለሽ፤ ተቆጪ። ምልክቱንም ብትለውጪ ደስ ይለኛል። ጃንጥላ ምን አለው? ጃንጥላ ማንንም አያስቀይምም።

የእማዬ ሰማያዊ ቀሚስ የት ገባ ብለሽ በአውቶቡሱ ሹፌር ላስጠየቅሽኝ፣ እኔ ጋ ነው። ሳልነግርሽ ይዤው ስለሄድኩ ይቅርታ አድርጊልኝ። አንዳንዴ ከሻንጣ አውጥቼ አየዋለሁ። ትዝ ይልሻል? ስፌት በጀመርሽ በሁለተኛው ወር የሰፋሽላት ነው። እጅጌውን የቆረጥሽበትን ወረቀት መገልበጥ ረስተሽ ሁለቱንም ለግራ እጅ ቆረጥሻቸው። ትርፍ ጨርቅ አልነበረም። አንቺ ጓዳ ገብተሽ አልወጣም ብለሽ ስታለቅሺ፣ እማዬ ለብሳው መስታወት ፊት ቆመች። “ቀኝ እጄን ግራ አጋባሽው!” ብላ ሳቀች፤ አንቺም እያለቀስሽ ሳቅሽ። ስንት ዓመት ለበሰችው! ቀኝ ክንዷን ባነሳች ቁጥር ትከሻዋ ላይ ይጨማደድባት ነበር። ልጄ ተሳስታ ነው ብላ ግን ለአንድ ሰው አልተናገረችም።

ስለ ምርጫው ብዙ አትድከሚ። ሰው ቢሞት አይመለስ። ይህን ማለቴ አንቺን ለማሳነስ አይደለም።

ወንድምሽ


የካቲት 20

ቀለሜ፣

ጃንጥላ! ጃንጥላውን ጡረታ የወጣው የፖስታ ቤት ኃላፊ ወስዶታል፤ ይገባዋልም፣ ጸሐይም ዝናብም አይወድም። እኔ ከቀስቴ ንቅንቅ አልልም። ሰሌዳውን የብረታ ብረት ቤቱ ልጆች እንዲሁ እንደነገሩ ቀቡልኝ፤ ቀስት ሳይሆን ማንኪያ ይመስላል። ይኸው ያንተ ጥፋት ነው።

“ሰው ይሰማሻል ወይ?” ብትለኝ፣ ወዶ ነው! ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ ሳይሰማኝ አይወጣም። ልክ ስወስድ መነቃነቅ አይችልማ። አንዱ ባለፈው ሳምንት “እመርጥሻለሁ፣ መርፌዋን ብቻ ከጉልበቴ አርቂልኝ” አለኝ።

ስለ ቀሚሱ የጻፍከውን አንብቤ ሥራ ፈትቼ ዋልኩ። አልተቆጣሁህም። አንተ ጋ ይሁን። ግን በእጅህ እንዳታጥበው፤ ቀለሙ ይለቃል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አቶ ይታያል አዲስ መልስ አምጥቷል፤ “ሰሌዳውን ማን እንደሳለው መዝገብ የለም፤ ታዲያ ማንን እንጠይቅ?” ይላል። ሰውም ራሱን ይነቀንቃል። ስለዚህ ማን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። ሁለት ፎቶ ልኬልሃለሁ፤ አንዱ ከገበያው በኩል፣ አንዱ ከድልድዩ በኩል። ለእኔ የሰሌዳ ፊደል ሁሉ አንድ ነው። አንተ ግን “የሰው እጅ እንደ ፊቱ ነው” ትል ነበር። የ“ጤ”ን እግር እየው፤ ወደ ውስጥ እጥፍ ያለችው ነገር የማን ናት?

በከተማው ሰሌዳ የምትስሉት አንተና ጋሽ ብሩሽ ብቻ ነበራችሁ። አንተ ብትሆን ኖሮ በነገርከኝ። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ተወውና ይቺን ብቻ መልስልኝ።

መርፌ


መጋቢት 2

ውድ እህቴ፣

ፎቶው ደብዝዟል። ከፎቶ ላይ የሰው እጅ ማወቅ ከባድ ነው። ምናልባት ከሌላ ከተማ ተስሎ የመጣ ይሆናል።

ጋሽ ብሩሽን ግን አትጠይቂያቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ አዛውንት ናቸው። ብሩሽ እንዴት እንደሚያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው መሆናቸውን ታውቂያለሽ። አታስቸግሪያቸው።

በሌላ ጊዜ ረዘም አድርጌ እጽፍልሻለሁ። ይቅርታ።

ወንድምሽ


መጋቢት 15

ቀለሜ፣

አትጠይቂያቸው ስላልከኝ ጠየቅኋቸው። ታውቀኝ የለ።

ስሄድ የዳቦ ቤቱን ሰሌዳ እየሳሉ ነበር። ፎቶውን ተቀብለው ወደ በሩ ወጡና ብርሃን ላይ ያዙት። “ቦታው ድረስ ውሰጂኝ” አሉኝ። ክንዴን ይዘው በቀስታ ሄድን። መሰላል ተውሼ ጨርቁን ገለጥኩላቸው። ሁለት ደረጃ ወጥተው ያችን የ“ጤ” እግር በጣታቸው ዳሰሷት፣ እኔ የሌላ ሰፊ ስፌት ሳይ እንደማደርገው።

“የእኔ እጅ ነው” አሉ።

“ምን አሉኝ?”

“የእኔ እጅ ነው ልጄ። ሌላ ሰው አትፈልጊ።”

ይኸው ነው። ማስተባበያ የለ፣ ይቅርታም የለ። እኔን ሳያዩ ቀስቱን እያዩ ቆሙ። መልሼ ቤታቸው አደረስኳቸው።

“ለማን ነገርሽ?” ትለኛለህ። ለአንዲት ሴት ብቻ ነው የነገርኩት፤ እሷ በቅታለች። ዳቦ ቤቱ ያልደረቀ ሰሌዳውን መጥቶ ወሰደ። ትምህርት ቤቱ “ሌላ ሰው እናስመጣለን” አለ። ትልልቅ ሰዎች በሱቃቸው በር ሲያልፉ በጣታቸው ወደ ግራ እያሳዩ ይሳሳቃሉ። እሳቸው ወንበራቸውን አውጥተው በር ላይ ይቀመጣሉ፤ አይገቡም፣ አይመልሱም።

እሁድ በአዳራሹ የተወዳዳሪዎቹ ክርክር ነው። እዚያ ስማቸውን እጠራለሁ፤ ያንን ሰሌዳ ሳያይ ፈርሞ የተረከባቸውን አቶ ይታያልንም አጠገባቸው አቆመዋለሁ። ይህን ቀን ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ፤ ሲደርስ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ምንም አላለኝም። ግን የአንድ ሰው ስም ካልጠራሁ፣ እማዬ እንዲሁ ማንም ሳይነካት የሞተች ልትመስል ነው።

ጸልይልኝ፣ ወይም ቢያንስ ድምፄ እንዳይጠፋ ተመኝልኝ።

መርፌ


መጋቢት 19

እህቴ፣

ይህን በፖስታ አልላክሁትም። ለአውቶቡሱ ሹፌር በእጁ ሰጥቼ፣ ከእሁድ በፊት እንዲያደርስልሽ ምዬ አስምዬዋለሁ።

የጋሽ ብሩሽን ስም እንዳትጠሪ። ሰሌዳውን የሳልኩት እኔ ነኝ።

ሁለት ዓመት ይህን አንድ መስመር መጻፍ አቅቶኝ ነው ሳሙና ስጠቀልል የኖርኩት።

በዚያ ወር ከብረታ ብረት ቤቱ አሥራ አንድ ሰሌዳ መጣልኝ። የማን እንደሆኑ፣ የት እንደሚተከሉ አልጠየቅኩም። ጽሑፉን በወረቀት ሰጡኝ፤ “ጤና ጣቢያ፣ ቀስት ወደ ግራ” ይላል። ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ አንዱን ፊት ሳልኩ። በማግሥቱ ሲደርቅ ገልብጬ፣ ያንኑ የቀስት መልክ የቆረጥኩበትን ካርቶን አስቀምጬ ሌላውን ፊት ሳልኩ። ሰሌዳውን ገለበጥኩ፣ ካርቶኑን ግን አልገለበጥኩም። ጠረጴዛ ላይ ብታዪያቸው ሁለቱም ፊቶች ያምራሉ፤ አንድ ዓይነት ናቸው። መንገድ ዳር ሲቆም ነው አንዱ የሚዋሸው። ይሄ ከማንም በላይ ላንቺ ይገባሻል። ሁለት የግራ እጅጌ ነው የቆረጥኩት። ያንቺን እማዬ ለበሰችው። በእኔው ሞተች።

ለቅሶ ላይ የጭነት መኪናው ሹፌር “ቀስቱን ነው የተከተልኩት” ሲል አልጠረጠርኩም ነበር። በአምስተኛው ቀን ከድልድዩ በኩል ስመጣ አየሁት። የሰው እጅ እንደ ፊቱ ነው እል የለ? ፊቴን አየሁት።

በማግሥቱ ቀለም ይዤ ሄድኩ። አንቺ ቀድመሽኝ መሰላል ላይ ቆመሽ ጨርቅ ትሸፍኛለሽ። “ይህን ያደረገውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው” አልሽኝ። መሰላሉን ይዤልሽ ነበር። ነገ እነግራታለሁ አልኩ፤ ነገ ሲመጣ ዓይንሽን ማየት አቃተኝና ሄድኩ። እጄን አያመኝም። ዋሽቼሻለሁ።

ጋሽ ብሩሽ ፊደሉን ገና በፎቶው አውቀውታል። የእኔ ነው ያሉት እኔን ሊያተርፉ ነው። እኔም እስከ ዛሬ ተደብቄ ተውኳቸው።

ያችን ሦስት መስመር በእኔ ስም ሙያት። አዳራሹ ውስጥ ጥሪኝ። የሚገባኝ እሱ ነው።

ወንድምሽ፣ ቀለሜ


ሚያዝያ 24

እህቴ፣

ደብዳቤዬ ደርሶሽ እንደሆነ ሹፌሩን ጠየቅሁት። “በእጇ ሰጠኋት፤ ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ መቀሷን አንስታ ሥራዋን ቀጠለች” አለኝ። ሌላ የምታውቀው የለም ወይ ስለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ “እኔ ምን አውቃለሁ” አለ።

መልስ እንድትሰጪኝ አልጠይቅሽም። መኖርሽን ብቻ በሰው አሰሚኝ።


ሰኔ 30

ወንድሜ፣

ይህን ያህል ጊዜ ስላልጻፍኩልህ ይቅርታ አልልህም። ይቅርታ ያንተ ሥራ ነው።

አለሁ። ተሸንፌያለሁ። በትንሽ ድምፅ እንዳይመስልህ፣ በደንብ አድርጌ ነው የተሸነፍኩት።

በክርክሩ እሁድ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጋሽ ብሩሽ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ስማቸው ሲጠራ ለመስማት ነው የመጡት። ተነሳሁ። ድምፄ ጠፋ፣ ተመለሰ። “ሰሌዳውን የሳለው ወንድሜ ነው፤ ጋሽ ብሩሽን ያለ ጥፋታቸው አሳምቻቸዋለሁ” አልኩ። ከዚያ ከመሃል አንዲት ሴት ተነስታ “ታዲያ አንቺ ለምን ትወዳደሪያለሽ?” አለችኝ። በክፋት አልነበረም፤ የምር ልታውቅ ፈልጋ ነው። የምወዳደረው የምቆጣው ሰው ፍለጋ ነበር ለካ። አገኘሁት፤ አንተ ሆንክ። “የምንሰቅለውን ነገር ሁሉ ዞሬ ከጀርባው ለማየት ነው” አልኳት። አንድ ሰው ሳቀ። በማግሥቱ ቅጹ ላይ የጻፍኩትም ያችኑ ነው፤ አንድ መስመር ብቻ ሆነች፣ ሁለቱ ባዶ ቀሩ።

ጋሽ ብሩሽን በር ላይ ጠብቄ “ለምን ዋሹኝ?” አልኳቸው። “አልዋሸሁሽም። ያችን እግር ወደ ውስጥ እጠፋት ብዬ ያሳየሁት እኔ ነኝ። እጁ የእኔ ነው” አሉ። ዳቦ ቤቱ ሰሌዳውን መልሶ አምጥቶላቸዋል። ትምህርት ቤቱ ግን አልተመለሰም። እሳቸው እንዳንተ አይደሉም፤ ይቅርታዬን በአንድ ጊዜ ተቀብለው ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ። አለቀስኩ።

ምርጫው ባለፈ በሳምንቱ ደግሞ አቶ ይታያል ራሱ መሰላል ተሸክሞ ሱቄ ድረስ መጣ። አሸናፊው ሰውዬ! “ሲያስረክቡኝ መኪና ላይ እንደተጋደመ ነው የፈረምኩት። ዞሬ አላየሁትም” አለኝ። ሳላስበው አንቱ አልኳቸው። መገንጠያው ድረስ ሄደን ሰሌዳውን አወረድነው፤ እሳቸው ፈቱት፣ እኔ ተቀበልኩ። ከባድ ነው፤ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አሁን ሱቄ ውስጥ ከአሻንጉሊቷ ጀርባ ቆሟል።

አሁን ያንተን ጥያቄ ልመልስ፤ ሳትጽፈው የምትጠይቀኝን። ይቅር ብዬሃለሁ ብል እዋሻለሁ። አልምርህም ብልም እዋሻለሁ። ስለ ቀስቱ ከሆነ፣ እኔም ቆርጫለሁ፣ አውቀዋለሁ፤ ወረቀቱ እጅህ ላይ እያለ ልብህ ሌላ ቦታ ይሄዳል። በቀስቱ አንድ ቀን አልተቆጣሁህም። መሰላሉን ይዘህልኝ ዝም ማለትህ ነው የሚያቃጥለኝ። እዚያው ብትነግረኝ ኖሮ ወርጄ እመታህ ነበር፤ ከዚያ አብረን እናለቅስ ነበር። ሁለት ዓመት ብቻዬን አስለቀስከኝ። ብቻህን አለቀስክ። እማዬን ሁለት ጊዜ ቀበርናት፣ ለየብቻ።

ነጭ ቀለም ገዝቻለሁ፣ ጥቁርም አለ። ሰሌዳውን እኔ አልነካውም፣ ጋሽ ብሩሽም አይነኩትም። ጠይቄያቸው ነበር፤ “የራሱ ነው” አሉ። ና። ሰማያዊውን ቀሚስ ይዘህ ና። እጅጌውን ፈትቼ ላስተካክለው እንዳልል አትፍራ፤ እንዳለ ነው የምፈልገው።

አውቶቡሱ ከድልድዩ በኩል ነው የሚገባው። መገንጠያው ላይ ውረድ። ምንም ሰሌዳ የለም፤ ባዶው ብረት ብቻ ነው የቆመው። ወደ ሱቄ ከመምጣትህ በፊት በጤና ጣቢያው በኩል እለፍልኝ። እማዬ በጊዜ ያልሄደችበትን መንገድ በእግርህ ሂድበት። እኔ ሄጄ ለክቼዋለሁ፤ አራት ደቂቃ ነው።

ወደ ቀኝ ታጠፍ።

እህትህ፣ መርፌ